ከቁራኛ እስከ ታርጋ፦ አማኑኤል የቆመ መኪና ስለ ባለቤቱ የሚናገረው

አማኑኤል አካባቢ መኪናውን መንገድ ዳር ያቆመ ሰው ሲመለስ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር የተሰካች ቁራጭ ወረቀት ያገኛል። በላይዋ የታርጋ ቁጥሩና መኪናው የቆመበት ሰዓት በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሒሳቡን ለመኪና ማቆሚያ ማኅበሩ ልጅ ይከፍላል፣ ወረቀቷን ጨምድዶ ይጥላል፣ ይሄዳል። ሸቀጥ ሊጭን የመጣ የመርካቶ ነጋዴ ከሆነ ነገሩ እዚያው አበቃ። ነገር ግን እዚሁ ሰፈር የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ወንድሟን ይዛ የመጣች እህት፣ ራሱ ሊታከም የመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አባት መኪናቸውን የሚያቆሙት በዚያው ሰፈር መንገድ ነው። የእነሱም ታርጋ ከነሰዓቱ ይጻፋል። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ በር የተጻፈ ታርጋ ደግሞ ማንበብ ለሚችል ሰው የሕክምና ቀጠሮ ይነግረዋል።

የአእምሮ ሕመም ዛሬም በሚያሳፍርበት፣ ጋብቻና ሥራ በሚያሳጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወረቀቷ ይህን ጉዳት እንዳታደርስ የሚከለክላት ልጁ ታርጋውን እንጂ የባለመኪናውን ስም አለማወቁ ነው። ታርጋን ከስም፣ ከአድራሻና ከስልክ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ያለው ሌላ ቦታ፣ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ዘንድ ነው። በወረቀቷና በመዝገቡ መካከል ያለው ርቀት የብዙ ሰው ገመና መሸሸጊያ ሆኗል። ርቀቱ እያጠረ ነው። ማን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ፈቃድ ሊሻገረው እንደሚችል ሳንወስን እንዳያልቅ እሰጋለሁ።

ተራ ሰው ሌላውን ሰው ይዞ ሕግ ሲያስከብር ማየት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከሳሽ ፖሊስ አይጠብቅም ነበር፤ ፖሊስም አልነበረም። «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል፣ የተጠራበት ሰው ባለበት ይቆማል። አላፊ አግዳሚው ዳኛ ሆኖ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ነገሩ እዚያ ካልተቋጨ የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ወደ ሹም ደጅ ይሄዳሉ። ዕዳው ከበድ ሲል አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሁለት ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው ሲሄዱ ይታዩ ነበር፤ የዘመኑ የውጭ አገር ተጓዦች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ምስክር ናቸው። ቁራኛ ጨካኝ ሥርዓት ነበር፣ መቅረቱም ደግ ሆነ። ሆኖም ዛሬ የጠፋ አንድ ጠባይ ነበረው፦ ያዡና ተያዡ ይተያያሉ። ተበዳሪው የያዘውን ሰው ፊት ያውቃል፣ ይሟገተዋል፣ ያስታርቁኝ ይላል። አበዳሪውም የያዘውን ሰው ድካም በገዛ እጁ ይሸከማል።

መረጃ ማውጣትም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሌብነት በደረሰበት አገር የአጥቢያው ሰው ሁሉ በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሽማግሌዎች ይምላሉ፣ የሚያውቅ ሰው ስሙን ደብቆ «ወፍ ነገረኝ» እያለ ያወጣል። ወፉ ማን እንደሆነ አይነገርም። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ መንገድ እንደተጎዳ መገመት አያስቸግርም፤ ቂም ያለው ወፍ ምን ሊል እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ ጉባኤው የሚጠራው ለተወሰነ በደል ነው፤ ሌባው ሲገኝ ይበተናል። ከዚያ በኋላ የሚቀመጥ ዶሴ የለም።

አሁን የምንነጋገርበት ሰፈር በእነዚያ ዘመናት እንደዛሬው ገበያ አልነበረም። የከተማዋ ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ በታች ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል በሚለው የዘር ፖሊሲው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አዲስ ከተማን አቀደ። በቀጥታ መንገዶች የተከፋፈለው የመርካቶ ሰፈር የዚያ ፕላን ውጤት ነው። አማኑኤል ሆስፒታልም የተመሠረተው በዚያው ዘመን ነው። ገበያውና ሆስፒታሉ ጎን ለጎን አደጉ። ገበሬና ነጋዴ እህሉን በአህያ እየጫነ የሚያራግፍባቸው አህያ በረንዳና እህል በረንዳ፣ የጎጃም መኪኖች የሚያድሩበት ጎጃም በረንዳ ስማቸው ዛሬም አለ። መኪና ከመብዛቱ በፊትም እዚህ ሰፈር «የት ላቁም፣ ማን ይጠብቅልኝ፣ ስንት ልክፈል» የዕለት ጥያቄ ነበር፤ የሚቆመው ከብት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ መኪና እየነዳ ያመጣውና ንጉሠ ነገሥቱ የተሳፈሩበት ታሪክ ይታወቃል። መኪኖቹ በጣት በሚቆጠሩበት ጊዜ ባለቤቱን ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግም፤ ከተማው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ሲበዙ ግን ቁጥር መጣ። ከቁጥሩ ጋር የባለቤትነት መታወቂያው ሊብሬ፣ በየዓመቱ የሚለጠፈው ቦሎ፣ መንጃ ፈቃድ መጡ። ዛሬ የሚሠራበት የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የታርጋው ቀለምና ኮድ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ኮድ 2 በሰማያዊ የግል፣ ኮድ 3 በአረንጓዴ የንግድ፣ ኮድ 4 በጥቁር የመንግሥት እየተባለ ሲሠራበት ኖሯል። ማንም መንገደኛ የሚያነበው ይህን ያህል ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ስም የመንገደኛ ንባብ አይደለም። መንግሥት ያን ስም የወሰደው መኪናው ብቁ መሆኑን ለማወቅ፣ ባለቤትነትን ለማረጋገጥ፣ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂውን ለማግኘት ነው። ባለመኪናውም የሰጠው ወዶ ሳይሆን ያለዚያ መንዳት ስለማይችል ነው። በግዴታ የተሰጠ መረጃ ደግሞ ከየትኛውም መረጃ ይልቅ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ለአንድ ጉዳይ የተከፈተ መዝገብ ለሌላ ሲውል ምን እንደሚሆን ይህች ከተማ በደሟ ታውቃለች። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ የተቋቋሙት ቀበሌዎች ነዋሪውን መዘገቡ። ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚቀለብ ተጻፈ። ለኪራይና ለቤት አስተዳደር አስፈላጊ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን የፖለቲካ ተቃዋሚ ፍለጋ ከቤት ወደ ቤት አሰሳ ሲታወጅ በር የሚያንኳኳው ያው ነዋሪውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቀበሌ ነበር። የኪራይ መዝገብ የአሰሳ መንገድ ጠራጊ ሆነ። የአዲስ ከተማ አረጋውያን ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም።

በወረቀት ላይ ግን የግል ሕይወት ጥበቃ በኢትዮጵያ ሕግ ከታሰበው በላይ አሮጌ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕግ ካልፈቀደ በቀር የዜጋ ቤት እንዳይፈተሽ፣ የደብዳቤውም ምሥጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ከነስልክና ከነኤሌክትሮኒክ ግንኙነቱ አስፍሯል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት መረጃ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ሲል፣ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ግን ከዚያ ለይቶ ጠበቀ። እንግዲህ ሐሳቡ አልጎደለንም።

ወደ አማኑኤል መንገድ ልመለስ። መኪና ማቆሚያ ለረጅም ጊዜ የጎዳና ልጆች ሥራ ነበር። «ልጠብቅልዎት?» ይላሉ፣ የሰጡትን ይቀበላሉ። በኋላ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ሲስፋፉ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ መለያ ለብሰው፣ ከከተማው አስተዳደር በተሰጣቸው ክልል ታሪፍ የሚሰበስቡ ሆኑ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እነዚህን ወጣቶች በዚህ ጽሑፍ ተከሳሽ ላደርጋቸው አልሻም። መርካቶ ውስጥ ዕቃው የሞላ መኪናውን «አደራ» ብሎ ትቶ የሚሄድ ነጋዴ የሚተማመነው በእነሱ ዓይን ነው።

ሳይከፍል የሄደ ሰው ምን ይሆናል? የማኅበሩ ልጅ ቅጣት የመጻፍ ሥልጣን የለውም፤ ያለው ማስታወስ ነው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሳይከፍሉ ነው የሄዱት።»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ይዟት ወጥቶ ነው።»

«እንግዲያው ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ እኔን እኮ ሒሳብ ያስሞሉኛል።»

ጋሼም ይከፍላሉ፤ አለዚያም ይከራከራሉ። እዚህ ጥቂት መስመር ውስጥ ትልቅ የሕግ ጥያቄ አለ፦ ዕዳው የነጂው ነው ወይስ የባለቤቱ? ልጁና ጋሼ ፊት ለፊት ስለሆኑ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሱታል። ፊት ለፊት ካልሆኑ ግን ባለቤቱን በስም መፈለግ የግድ ይሆናል። የስም ፍለጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት በበኩሉ የራሱ ማስያዣ ነበረው። በክልክል ቦታ የቆመ መኪና ታርጋው በትራፊክ ፖሊስ ሲፈታ ኖሯል። ባለመኪናው ሲመለስ ሁለት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ያገኛል፤ ከዚያ ጣቢያ ሄዶ፣ ተቀጥቶ፣ ታርጋውን ተቀብሎ መመለስ ነው። ጎማ በብረት መቆለፍም መጣ። ቁራኛ ከሰው እጅ ወርዶ በመኪና ጎማ ላይ ታሰረ ማለት ነው። አሰልቺ ቢሆንም ይህም ቢሆን ባለቤቱን ወደ ቢሮው ያመጣዋል እንጂ ስሙን ለማንም አይበትንም።

ሌላው ዓለም ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደደረሰበት ማየት ይጠቅመናል፤ መንገዱን ቀድመውን ሄደውበታልና። በእንግሊዝ የግል ኩባንያዎች በግል ቦታ ላይ የቆመን መኪና ጎማ እየቆለፉ፣ ለመፍታት ከፍተኛ ገንዘብ እየጠየቁ ሕዝቡን አማረሩ። ፓርላማው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ከለከለ። ጥሩ እርምጃ ነበር። ሕጉ ግን ለኩባንያዎቹ ካሳ የሚመስል ሌላ በር ከፈተ፤ ነጂው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ክፍያውን ከተመዘገበው የመኪና ባለቤት ላይ መጠየቅ ቻሉ። ባለቤቱን ለማወቅ ደግሞ የመንግሥት መዝገብ ያስፈልጋል። የአገሪቱ የተሽከርካሪ መዝገብ መሥሪያ ቤት ዲቪኤልኤ በቂ ምክንያት አለኝ ላለ ኩባንያ የባለመኪናውን ስምና አድራሻ ይሰጣል፣ በአንድ ጥያቄም 2 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል፤ መሥሪያ ቤቱ ወጪዬን መሸፈኛ ነው፣ ትርፍ የለበትም ይላል። ጥያቄው በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በር ላይ የተተከለ ካሜራ ታርጋ ያነብባል፣ ኮምፒዩተር መዝገቡን ይጠይቃል፣ ደብዳቤ ቤት ይደርሳል። በመካከል ሰው የለም። እንዲህ ያለ አንድ ጉዳይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2015 እ.ኤ.አ. ነፃ የተሰጠውን ሁለት ሰዓት ያሳለፈ ሰው የተጠየቀው 85 ፓውንድ ሕጋዊ ነው ተባለ።

የእንግሊዝ ታሪክ ለእኔ የሚለው ይህን ነው፦ ሰንሰለቱ ሲከለከል የሰው ስም ሸቀጥ ሆነ። የጎማው ቁልፍ ቢያናድድም ዓይን ያየው ነበር። የስም ፍለጋው ግን ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ ባለቤቱ አያውቀውም።

አሜሪካ የተማረችው በከፋ መንገድ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ሬቤካ ሼፈር የተባለች ወጣት ተዋናይት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተገደለች። ይከታተላት የነበረው ገዳይ አድራሻዋን ያገኘው በግል መርማሪ በኩል ከካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ነበር። በዚያን ጊዜ አድራሻ መጠየቅ ከባድ ነገር አልነበረም። ኮንግረስ በ1994 እ.ኤ.አ. የነጂዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2000 እ.ኤ.አ. አጸናው። ሕጉ የመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

እኛ ገና ነን። ግን ብዙ አልቀረንም። መገናኛ ላይ መኪና በማሽን ወደ ላይ የሚደረድረው ስማርት ፓርኪንግ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ሥር 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር መጣ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ ሆነ፤ ከክፍያው ጋር ታርጋ ይመዘገባል። ታርጋና ስልክ ቁጥር፣ ቦታና ሰዓት በአንድ መስመር ላይ መጻፍ የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። የመኪና ማቆሚያ ክፍያም ወደ ስልክ ሲዞር የአማኑኤሏ ቁራጭ ወረቀት ተጨምድዳ አትጣልም፤ ሰርቨር ላይ ትቀመጣለች። ከነስሙ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፣ እውነትም አለው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል የአካባቢው መንገድ መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ ማክበዱን የከተማው አስተዳደር ተናግሯል። የስንት ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። መርካቶ ውስጥ መኪና እንደ ልብ መቆሙ የሰው ንብረትና ሕይወት ጉዳይ ነው፤ ማስከበር ያስፈልጋል፣ ጠንከር ብሎም ያስፈልጋል። በክልክል ቦታ የቆመን መኪና የሚያነሳ፣ የሚቀጣ፣ ባለቤቱን የሚጠራ አካል ይኑር። እኔ የምለው ይህን የሚያደርገው በሕግ የሚጠየቅ የመንግሥት ባለሥልጣን ይሁን፣ መዝገቡንም የሚከፍተው እሱ ብቻ ይሁን ነው። የእሳት አደጋ መኪና መንገድ ማግኘት አለበት የሚለው ክርክር፣ አንድ ኩባንያ ያልተከፈለ የግማሽ ሰዓት ሒሳብ ለማስከፈል የሰው አድራሻ ይሰጠው ወደሚል አይወስድም።

መሣሪያው በእጃችን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ እንዳይውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ የጤና መረጃ በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ግዴታ አድርጓል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ጥሩ ነው። አዋጅ ግን መንገድ ላይ የሚወርደው በውል ነው፤ ከተማው ከማቆሚያ ድርጅት ጋር በሚፈርመው ውል፣ ለማኅበሩ በሚሰጠው መመሪያ፣ መዝገብ ቤት በተቀመጠችው ሠራተኛ የኮምፒዩተር ይለፍ ቃል።

ሁለት ነገር በጣም ያሳስበኛል። የመጀመሪያው ዘመድ ነው። በእኛ አገር መዝገብ የሚወጣው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ «እባክሽ እህቴ፣ የዚህች መኪና ባለቤት ማን እንደሆነ እይልኝ» በሚል ትሕትናም ይወጣል። ጠያቂው መኪናው የተገጨበት ሰው ሊሆን ይችላል። ከቤት ያመለጠችውን ሚስቱን የሚፈልግ ባልም ሊሆን ይችላል። ሠራተኛዋ ልትለየው አትችልም፤ ስለዚህ ለማንም እንዳትሰጥ፣ መዝገቡን የከፈተ ሁሉ ስሙና ምክንያቱ ተጽፎ እንዲቀር መደረግ አለበት። የሬቤካ ሼፈር አድራሻ የወጣው በቢሮ በር ነው፣ በመስኮት አይደለም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የታርጋና የሰዓት መዝገብ ሒሳቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ምን ይሠራል? አውጫጭኝ እንኳ ሌባው ሲገኝ ይበተን ነበር። የተከፈለ ሒሳብ ታርጋው ይሰረዝ፤ ለግብርና ለኦዲት የሚያስፈልገው የገንዘቡ ድምር ነው፣ ማን የት እንደቆመ አይደለም። ይህ በአማኑኤል ሆስፒታል፣ በጥቁር አንበሳ፣ በየፍርድ ቤቱ በር ሁሉ የሚሠራ ደንብ መሆን አለበት።

የትራንስፖርት ቢሮና የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ከማቆሚያ ድርጅቶችና ከማኅበራት ጋር በሚገቡት ውል ውስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ፦ ሰብሳቢው የባለንብረት መዝገብ አይከፈትለትም፤ ያልተከፈለ ሒሳብ በሥልጣን አካል በኩል ይጠየቃል እንጂ የባለቤቱ ስም ለሰብሳቢው አይተላለፍም፤ የተከፈለበት ታርጋ በዕለቱ ይሰረዛል። ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ውሎቹን ይመርምር። አንባቢም በስልኩ ሲከፍል ስሙን ለምን እንደተጠየቀ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ይጠይቅ፤ አዋጅ 1321 ይህን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።